ከወለንጪቲ ሥጋ ቤት እስከ ሪዮ፦ ካርኒቫል ከየት መጣ?

«ካርኒቫል» ሲባል ምን ይታያችኋል? ላባ የደረቡ ጨፋሪዎች፣ ጭምብል፣ ከበሮ፣ በሰው የተጨናነቀ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ጎዳና፣ አይደል? እኛም አገር የጎዳና ላይ ሰልፍ በሙዚቃ ከታጀበ «ካርኒቫል» ይባላል። የቃሉ ሥር ግን ስለ ጎዳናም ስለ ጭፈራም አያወራም። የሚያወራው ስለ ሥጋ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከሥጋ ቤት እንጀምረው፤ ሥጋ ቤቱ ደግሞ ወለንጪቲ ይሁን።

ወለንጪቲን ለማታውቋት፦ ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት፣ የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት አስፋልት እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል፤ ቀን ከሌት ከባድ መኪና አያጣትም። ሾፌር ደግሞ ይርበዋል። ሁዳዴ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት፣ እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ሥጋ ቤት መቀመጫ ማግኘት ከባድ ነው። ጥብሱ ይንጫጫል፣ ጥሬው በኪሎ ይቆረጣል፣ አዋዜው ይደፋል። ሰኞ ጠዋት እዚያው ብትመለሱ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት መንጠቆ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ ምግብ ቤቱ ደጃፍ «የጾም ምግብ አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥቂት እልፍ ብሎ ያለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ግን ሥራው ላይ ነው።

ያቺ እሑድ ቅበላ ትባላለች። ቃሉ የመጣው «ተቀበለ» ከሚለው ነው፤ እንግዳ እንደምንቀበለው ጾሙን መቀበል ማለት ነው። እንግዳው ግን ሲመጣ ቤት ያፈራውን ሥጋና ቅቤ የሚያስወጣ እንግዳ ነው!

አሁን ወደ ጣሊያን እንሻገር። በመካከለኛው ዘመን ጣሊያን ውስጥ ከጾም በፊት ያሉት ቀናት «ካርኔሌቫሬ» ይባሉ ነበር፤ «ካርኔ» ሥጋ፣ «ሌቫሬ» ማንሳት። ሥጋ ከማዕድ የሚነሳበት ጊዜ ማለት ነው። «ካርኔ ቫሌ፣ ሥጋ ሆይ ደህና ሁን» የሚል ትርጉም ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያማረ ነው፣ ግን በኋላ ሰው ከድምፁ ተነስቶ የፈጠረው ፍቺ ነው። ግሪኮች የራሳቸውን ካርኒቫል የሚጠሩበት «አፖክሪዬስ» የሚለው ቃልም ከሥጋ መራቅን ነው የሚገልጸው። ፖርቱጋሎች ደግሞ «ኤንትሩዶ» አሉት፤ መግቢያ ማለት ነው። መግቢያ፣ ሥጋ ማንሻ፣ መቀበያ። ሦስቱም ስሞች የቆሙት አንድ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከደጃፉ ወዲያ ጾም አለ።

ታዲያ አንድ ደጃፍ ከሆነ ለምን በአንድ ቀን አይውልም? ይህን ለማየት 2017 ዓ.ም. ጥሩ ዓመት ነው፤ ምክንያቱም የኛም፣ የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክሶችም፣ የካቶሊኮችም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን አብሮ ውሏል። ፋሲካው አንድ ሆኖ እንኳ ጾሙ አብሮ አልገባም። የኛ ቅበላ የካቲት 16 ነበር፤ ሰኞ የካቲት 17 ሁዳዴ ገባ፣ 55 ቀን። የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክሶችም ሥጋ ያቆሙት ልክ በዚያው እሑድ ማታ ነው። ግን ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ለአንድ ሳምንት ተፈቅዶላቸው ቆየ፤ ሩሲያውያን ይህን ሳምንት «ማስሌኒጻ» ብለው በቅቤ የራሰ ቂጣ እየበሉ ያከብሩታል። ካቶሊኮች ጾም የሚይዙት ከፋሲካ 46 ቀን በፊት በሚውል ረቡዕ ስለሆነ የነሱ ከኛ 9 ቀን ዘግይቶ ጀመረ። ስለዚህ ሪዮ ውስጥ የሳምባው ሰልፍ ሲወጣ፣ ወለንጪቲ ያለው ጿሚ ሽሮ መብላት ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። በዚያው የካቲት 22 ደግሞ ረመዳን ገባ። ቅድም ያ ሥራው ላይ የነበረው የሙስሊም ሥጋ ቤት ያን ሰሞን የቀን ደንበኛው ሳስቶ፣ አመሻሹን ሞቅ ማለቱ አይቀርም።

ከሌሎቹ ቀድመን የምንጀምርባት የመጀመሪያዋ ሳምንት ዘወረደ ትባላለች፤ ጾመ ሕርቃልም ይሏታል። ሕርቃል የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ያዙና መስቀሉን ወሰዱ፤ ሕርቃል ለዓመታት ተዋግቶ አስመለሰው። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምትተርከው፣ ሰው የገደለ ዕድሜውን ሙሉ መጾም አለበት የሚል ሥርዓት ስለነበር ንጉሡ ዘመቻውን ፈራ፤ ምእመናኑም «አንተ ዝመት፣ ጾሙን እኛ ተካፍለን እንጾምልሃለን» አሉት። ዕዳን በጾም መካፈል! እኔ ይህን ትረካ በጣም እወደዋለሁ። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት፦ ኤጌሪያ የምትባል ተሳላሚ ሴት ከሕርቃል ከ200 ዓመት በላይ ቀድማ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በኢየሩሳሌም 8 ሳምንት ሲጾም አይታ ጽፋለች። ስለዚህ ስምንት ሳምንት መጾም ከንጉሡ በፊትም የነበረ ልማድ ነው፤ ስሙና ትረካው በኋላ የተጨመረበት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ 6 ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ኢትዮጵያውያን ከነሱ ቀድመው ጾም እንደሚይዙ በመጽሐፉ መዝግቧል።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ፤ የቅበላ ነገር የሚገባን እዚያ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት አስቡ። ከፊታችሁ 55 ቀን አለ። ምን ይቆያል? ቅቤ ይቆያል፤ ሲነጠር ውሃው ተንኖ ዝቃጩ ስለሚለይ፣ ለምግብ መበላሸት ምክንያት የሆኑት ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት እርጥበት ያጣሉ። ላሟ በጾሙ የምትሰጠው ወተትም ተንጦ ቅቤ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል። ሥጋም ቢሆን በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በርበሬና ጨው ተቀብቶ ገመድ ላይ ከተሰጣ ቋንጣ ይሆናል፤ የስምጥ ሸለቆ የየካቲት ፀሐይ ለዚህ ወደር የላትም። ትኩስ ሥጋና ትኩስ ወተት ግን አይጠብቁም። አውሮፓም የሆነው ይኸው ነው። እንግሊዞች ከጾም በፊት ባለው ማክሰኞ ስስ ቂጣ የሚጋግሩት እንቁላሉንና ቅቤውን ለመጨረስ ነበር፤ ፈረንሳዮች ያንኑ ቀን «የሰባ ማክሰኞ» ይሉታል። ካርኒቫል ከመድረክ በፊት ድስት ነበረ።

ድስቱ ደግሞ ብቻውን አይሞላም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን በሬ አይጥልም፣ ቢጥልም አይጨርሰውም። መፍትሔው ቅርጫ ነው። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ሲታረድ ከሽንጡም ከዳቢቱም፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደለደላል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ደልዳዩ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም፤ ስለዚህ አያዳላም። የሒሳብ መምህር ቢያየው ፍትሐዊ ክፍፍል ብሎ ያስተምርበታል። ሥጋ በኪሎ ከሚቆረጥበት ጠረጴዛ ጋር አስተያዩት፦ ቅርጫ ላይ መግዛት የሚከብደው ሰው ግማሽ መደብ ይዞ ከጎረቤት ጋር ይቆጠራል፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ግን ያልያዘ አልፎ ይሄዳል።

ሌላው ቅበላን የሚያጣድፈው ሠርግ ነው። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ይሻማል። ሁዳዴ ቶሎ ከገባ የካቲት 1፣ ከዘገየ መጋቢት 5 ነው የሚገባው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ከጥምቀት ማግስት፣ ከጥር 12 ጀምሮ እስከ ቅበላ አንዳንድ ዓመት 19 ቀን ብቻ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 53 ቀን ይገኛል። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሠርግ የተጠራችሁበት ዓመት ካለ ጥፋቱ የባሕረ ሐሳብ ነው። ራሳችሁ ማስላት ከፈለጋችሁ የነነዌ ጾም የሚገባበትን ሰኞ ያዙና 13 ቀን ጨምሩ፤ ቅበላ እሑድ ላይ ታርፋላችሁ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሆዱ ይኸው ተገኘ፤ ጎዳናውስ የት ሄደ? ከበሮው፣ አዲስ ልብሱ፣ የወጣቱ መተያየት? መልሱ ቀላል ነው፤ ጥምቀት ወስዶታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለዚሁ ነው። ጥምቀት የራሱ ሃይማኖታዊ ትርጉም ያለው በዓል ነው፣ ካርኒቫል አይደለም፤ ግን የጎዳናውን ደስታ ሁሉ ጥር 11 ስለሚያወጣው ለቅበላ የቀረው ማዕዱ ብቻ ነው። አውሮፓና ብራዚል ሁለቱን ባንድ ሳምንት አጨቋቸው። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ፦ የሪዮ ካርኒቫል አባት የሆነው ኤንትሩዶ በፖርቱጋሎች ተወስዶ ብራዚል ሲገባ፣ ሰዎች እርስ በርስ ይወራወሩ የነበረው ውሃና፣ ሽቶ የተሞላ በሰም የተሠራ ሎሚ ነበር። ጥምቀት ላይ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረውን ሎሚ አስታውሱ! ዝምድና የላቸውም፤ ሎሚ ለመወርወር ስለሚመች ይመስለኛል። የብራዚል ባለሥልጣናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤንትሩዶን ደጋግመው ከለከሉት፤ ቀስ በቀስ በሠረገላ ሰልፍ ተተካ፤ የሳምባ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ውድድር የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው።

ቬኒስ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1797 ናፖሊዮን ሪፐብሊኳን ሲጥል ዝነኛው የጭምብል ካርኒቫሏ ተዳከመና ጠፋ፤ በ1979 ሲመለስ የመለሰው የባህልና የቱሪዝም ፍላጎት ነበር። ዛሬ ጭምብል አጥልቆ የሚዞረው አብዛኛው ጎብኚ በማግስቱ የሚይዘው ጾም የለውም። በሩ ቀርቶ ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው።

እኛ ጋ እስካሁን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፦ ጾሙ ጠንካራ፣ ቅበላው ድምፁን ያጠፋ የቤት ውስጥ ነገር። በቀን መቁጠሪያ ላይ አይጻፍም፣ ሥራ አይዘጋም፣ ጸሎትም አልተሠራለትም። የቤተ ክርስቲያን መምህራንም «ጾም የሚቀበሉት በመጥገብ አይደለም» እያሉ ሲገሥጹ ነው የኖሩት። አሁን አሁን ግን «ልዩ የቅበላ ምሽት» የሚል ማስታወቂያ ሆቴል ደጃፍ ላይ ማየት እየተለመደ ነው፤ ዲጄ አለ፣ የመግቢያ ዋጋ አለ። እኔ በግሌ አልተመቸኝም። ጭፈራውን ጠልቼ አይደለም። ግማሽ መደብ የሚይዝ ሰው እዚያ ትኬት ላይ ቦታ ስለሌለው ነው። እናንተ በሌላ መንገድ ልታዩት ትችላላችሁ፤ የሪዮም ሰልፍ እኮ አንድ ጊዜ አዲስ ነበር።

በየቤቱ ግን የቅበላ ማታ የመጨረሻው ሥራ ጭፈራ አይደለም፤ ዕቃ ማጠብ ነው። የወጡ ድስት ስቡ እስኪለቅ ይፈተጋል፣ መክተፊያውና ቢላው ይታጠባል፣ የተረፈው ነገር ለማን እንደሚሰጥ ይታሰባል። ይህን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ እናቶችና እህቶች ናቸው፤ ጠግቦ የበላው ሁሉ ከተኛ በኋላ። ወለንጪቲ ላይ ከሆነ ውጭ የከባድ መኪናው ድምፅ እንደወትሮው ያልፋል፤ ነገ ጠዋት ቁርስ የለም፣ ሽሮው ግን ከወዲሁ ተለክቶ ተቀምጧል።