ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፦ የአንድ ትሪ ዶሮ ታሪክ

ዛሬ ከፖለቲካው ፈንጠር ብለን ስለ ራት ልንጽፍ ነው። ስንጀምረው ቀላል ጉዳይ መስሎን ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ ግን ከአንዲት ትሪ ውስጥ ጎንደር፣ ጣሊያን፣ አውስትራሊያ፣ የደቡብ አሜሪካ ተራሮችና የእናቶቻችን ወገብ ተሰልፈው ወጡ። እናም ወጉን ከነታሪኩ ልናወጋችሁ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የፍስክ ቅዳሜ እንጅባራ ላይ፣ በተከራየናት ቤት ተሰብስበናል። ሁላችንም ሴቶች ነን፤ ሁላችንም ሥራ ውለን የገባን ነን። ዶሮ ይሠራ ተባለ። ግን ዶሮ ወጥ ማን ይሥራ? ሽንኩርቱን መላጥና መክተፍ፣ እሳቱ ላይ ቆሞ ማቁላላት፣ ዶሮውን መለብለብ፣ መገነጣጠል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ... ከጠዋት የተጀመረው ለማታ ቢደርስ ነው። ስለዚህ ሌላው ዓለም የሚያደርገውን ልናደርግ ተስማማን፦ ዶሮውን ከድንች፣ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር በአንድ ትሪ ደርድሮ ኦቭን ውስጥ መክተት። የሚቆሽሸው አንድ ትሪ፣ የሚታጠበው አንድ ትሪ። በቃ!

የዚያን ቀን ከመካከላችን የአንዷ እናት ከዳንግላ ለጥየቃ መጥተው ነበር። ትሪውን አየት አደረጉና "ይሄማ የፈረንጅ ምግብ ነው" አሉ። ሳቅን። በሆዳችን ግን "እውነት ግን የማን ነው?" ማለታችን አልቀረም። እስቲ ትሪውን አንድ በአንድ እንፈትሸው።

ዶሮዋ

ከዶሮዋ እንጀምር። ዶሮ የተገኘችው ከእስያ እንደሆነ ዓለም ተስማምቶበታል። ወደኛ የመጣችው ግን በጣም በጥንት ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ ከአክሱም በፊት በነበረ የመንደር ፍርስራሽ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደቡ ናቸው። በአፍሪካ ከተገኙት ጥንታዊ የዶሮ አጥንቶች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው ማለት ነው።

ስሟም የራሷ ታሪክ አላት። ግዕዙ "ዶርሆ" ይላል፣ ትግርኛው "ደርሆ"፣ እኛ "ዶሮ"። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ከአገው ቋንቋዎች ጋር ያዛምዱታል። እንግዲህ አዊ ዞን ቁጭ ብሎ "ዶሮ" ማለት ምናልባት ቃሉን ለባለቤቱ መመለስ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው። ተመራማሪዎች የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን የሐበሻ ዶሮዎች በየአካባቢያቸው ለይተው ሲያጠኑ ከመዘገቧቸው መካከል ሁለቱ የአዊ ናቸው፤ ቲሊሊ እና ጓንጓ። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ስትሄዱ አውቶቡስ ላይ ሆናችሁ የምታልፏት ቲሊሊ በሳይንስ መጽሔቶች ላይ የዶሮ ስም ናት! እኛ ተወልደን ያደግነው እዚሁ ሆኖ ይህን ያነበብነው ግን ገና አሁን ነው።

ልብ በሉ፦ በርበሬ ከአሜሪካ የወጣው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ቀዩ ዶሮ ወጥ፣ "የአባቶቻችን" የምንለው፣ ከዶሮዋ በ2,000 ዓመት ገደማ ያንሳል። ከበርበሬ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ይህች ወፍ ያለ በርበሬ ስትበላ ኖራለች። ዶሮ ወጥን ዝቅ ለማድረግ አይደለም (ማንም እንዳይቀየመን!)። "ባህላዊ" የምንለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን አዲስ እንደነበር ለማስታወስ ያህል ነው።

ድንቹ

አዊ ያለ ድንች አይታሰብም። ባንጃ፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ፣ ፋግታ ለኮማ... ገበያ ወጥታችሁ ድንች ያላያችሁበት ቀን የለም። ግን ድንችም እንግዳ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ተነስቶ፣ አውሮፓን ዞሮ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ባመጣው ዘር እንደሆነ ይነገራል። ገበሬው ወዲያው እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። ድንች እየተስፋፋ የሄደው ከብቱ በበሽታ ካለቀበትና ሕዝቡ ከረገፈበት ከዚያ "ክፉ ቀን" ከሚባለው የ1888–1892 (እ.ኤ.አ.) ረሃብ ወዲህ ነው። ዛሬ የምናውቃቸው ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ደግሞ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ የ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልጆች ናቸው።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ከዚህኛው ድንች በፊት የራሳችን ድንች ነበረን። በደቡብ "የወላይታ ድንች"፣ በኦሮሚያ "የኦሮሞ ድንች"፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ "የአገው ድንች" የሚባለው። ዘመዱ ሽሮ ውስጥ የምንጨምረው በሶብላ ነው እንጂ ያኛው ድንች አይደለም። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ፦ ከባሕር ማዶ የመጣው "ድንች" ተብሎ በደረቁ ሲጠራ፣ ባለቤቱ ግን "የእገሌ ድንች" ተብሎ ማብራሪያ ተለጠፈለት። እንግዳው ቤቱን ወርሶ ባለቤቱ በራሱ ቤት እንግዳ ሆነ። ይህን ታሪክ ከድንች ውጭም የምታውቁት ይመስለናል።

ቅቤው

ዘይት ቢኖረንም እናታችን "ቅቤ ይሁን" አሉ። ትክክል ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ ሲደርስ ያለፈው በአገው ምድር ነው። በጻፈው መጽሐፍ አገዎች ጎንደርን በቅቤ፣ በማር፣ በሰምና በከብት ይመግቡ እንደነበር፣ በአንድ ጊዜ 1,000 እና 1,500 ሰው እየሆኑ ተሸክመው ይጓዙ እንደነበር መዝግቧል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ ቀልጦ እንዳይበላሽ ደግሞ ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ይጨምሩበት ነበር ይላል። ስሙንም ጽፎታል፤ መቅመቆ። አዎ፣ ዛሬም እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ጣል የሚያደርጉት ያው መቅመቆ ነው።

የጎንደር ቤተ መንግሥት በታሪክ መጻሕፍት በግንቡ ይነሳል። ግንቡ ውስጥ የተበላው ቅቤ ግን በአገው ሰው ጀርባ የሄደ ነበር። ይህን ፈተና ላይ የጠየቀን መምህር የለም።

ኦቭኑ

የፈረንጅ ነገር ከተባለ እሱ እዚህ ጋ ነው። ዳንግላ ፈረንጅን በቅርብ ታውቀዋለች። የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫው ዳንግላ ነበር። ከዚያ እየተነሳ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ዞሮ ካርታ አንስቷል፣ በ1936ም መጽሐፍ አሳትሟል። ጣሊያን ደግሞ በ1935 (እ.ኤ.አ.) አገሪቱን ወረረ። ዳንግላም እንጅባራም የጣሊያን ጦር ሰፈር ሆኑ። አርበኛው በየጫካው ሲያስጨንቃቸው ቆይቶ፣ ንጉሡና የዊንጌት "ጌዲዮን" ጦር በጥር 1941 (እ.ኤ.አ.) ከሱዳን ድንበር ሲገቡ፣ ጣሊያኖች በየካቲት ዳንግላን ለቀው ወጡ።

ጦሩ ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። "ፉርኖ" በጣሊያንኛ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። እኛ የዳቦው ስም አደረግነው። በየከተማው ሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ የምናነበው "አሮስቶ" በጣሊያንኛ ጥብስ ማለት ነው። በአንጻሩ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የመጣውን መልካም መዓዛ ያለውን ቅጠል የራሳችን ስም ሰጠነው፦ የጥብስ ቅጠል። ከዚህ በላይ ግልጽ የአሠራር መመሪያ የት ይገኛል? እኛም ከዶሮው ጋር ሁለት ዘለላ ጨመርንበት።

መብራት ሲሄድ

ትሪው ተደረደረ፣ ኦቭኑ ሞቀ፣ እና... መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም። ወደ ሽሮ ልንዞር ስንል እናታችን "እናንተ ልጆች፣ ድፎ ዳቦ በምን ነው የሚጋገረው?" አሉ። ተያየን። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት!

የኦቭን ምስጢር ሙቀት ከሁሉም አቅጣጫ መምጣቱ ነው። የኛ እናቶች ይህን ከጣሊያን አልተማሩም፤ ድፎውን ከታች በፍም፣ ከላይ በፍም ከበው ሲያበስሉት ኖረዋል። ከትሪው ወደ ሰፊ ብረት ድስት ገለበጥነው። አሠራሩን ለምትፈልጉ እነሆ፦

የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ በጨውና በሽንኩርት ግማሽ ሰዓት ትቀቀል። መረቁ አይደፋ። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ተለውሶ ከውጭም ከውስጥም ትቀባ። ድንችና ካሮቱ አነስ አነስ ተደርጎ ይቆረጥ። ምክንያት አለው፦ እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ትልልቅ ድንች ቶሎ አይበስልም። አትክልቱ ከታች ይነጠፍ፣ ዶሮዋ ከላይ ትቀመጥ፣ አንድ ጭልፋ መረቅ ይጨመር። ክዳኑ ይገጠምና ከታች ጥቂት ፍም፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ብዙ ፍም። ከታች ከበዛ ያራል፤ ከላይ ካነሰ ቆዳዋ አይጠበስም። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ ጭኗ ሲወጋ የሚወጣው ውኃ ጠርቶ ከታየ ደርሷል።

ከሰሉም ታሪክ አለው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የፋግታ ለኮማ ገበሬ "ዲከረንስ" የተባለ የአውስትራሊያ ግራር ማሳው ላይ መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራዋል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያወጣዋል። የተራቆተው ኮረብታ አረንጓዴ ሆነ፣ ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ተጫነ፣ የሣር ቤት በቆርቆሮ ተለወጠ። በኋላ ግን ቅጠሉን የሚያጠቃ የዝገት በሽታ ገባና ብዙ ማሳ አደረቀ። በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ያህል እንደሚያሳሳ የአካባቢያችን ገበሬ በራሱ አይቶታል። ከክዳኑ ላይ የቀላው ፍም እንግዲህ ያ ዛፍ ነበር።

አሥራ ሁለት ብልት

ምግቡ ደረሰ። ቆዳዋ ወርቅ መስሏል። መሃል አስቀምጠን "እንብላ" አልን። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

ዶሮ ወጥ 12 ብልት አለው። ቁጥሩን ከሐዋርያት ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ፈረሰኛ፣ መላላጫ፣ ቅልጥም፣ ክንፍ፣ አንገት... እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። ለአባወራው ይህ፣ ለእንግዳ ይህ፣ ለወንድ ልጅ ይህ። ዶሮዋን ከጫጩትነቷ ያሳደገች፣ ከጭልፊት የጠበቀች፣ እንቁላሏን ሸጣ ደብተርና ጨው የገዛች ሴት፣ ሙሉ ቀን እሳት ስትሞቅ የዋለች ሴት፣ በብዙ ቤት የሚደርሳት አንገቱ ነው። በእኛም ቤት እንዲያው ነበር። የፈረሰኞች አገር ተወልደን ፈረሰኛውን የቀመስነው ሌላ ከተማ ሄደን ነው።

ትሪው ላይ ግን ብልት አልተለየም። ዶሮዋ እንዳለች ናት። እናታችን እጃቸውን ሰደዱና፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በልማድ፣ አንገቱን አነሱ። ልጃቸው ቅልጥሙን ገንጥላ ፊታቸው አስቀመጠች።

"ተይ፣ ለአባትሽ ይቀመጥ" አሉ።

"አባዬ እኮ ዳንግላ ነው ያለው፣ እማ።"

ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ከዚያ ቀስ ብለው በሉት። ስለ ጣዕሙ ምንም አላሉም። ሲጨርሱ አጥንቱን አስቀመጡና "ጨው ያንሰዋል" አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ቅልጥም አነሱና ለልጃቸው ሰጧት።

የዶሮ ወጥ ቀን ይቅር አንልም። ፋሲካ ያለሱ አይደምቅም፤ ሙያውም ክብር ነው። እኛ የምንለው አንድ ነው፦ ክብሩን ለምግቡ ሰጥተን ድካሙንና አንገቱን ለእናቶቻችን አንተው። "የፈረንጅ ምግብ ነው" ለሚለውም መልስ አግኝተናል። ዶሮዋ ከ2,400 ዓመት በላይ እዚህ ኖራለች፣ ቅቤው ጎንደርን መግቧል፣ እሳቱ የድፎ ነው። ፈረንጅ ያለው ስሙ ላይ ብቻ ነው።

የመጣ ቅዳሜ ሞክሩት። መብራት ቢሄድም አትደንግጡ። ቅልጥሙን ግን ለማን እንደምትሰጡ አስቀድማችሁ አስቡበት።

መልካም ራት!