በመዳብ ላይ የቀረው ድልድይ

በለንደን ከተማ በቴምስ ወንዝ ላይ ከ1209 እስከ 1831 ድረስ ከስድስት መቶ ዓመታት የተሻገረ አገልግሎት የሰጠው አሮጌው የለንደን ድልድይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በቦታው የለም፤ ድንጋዩም ተነቅሎ ተበታትኗል። ያም ሆኖ መልኩ ከሰው ዐይን አልጠፋም፤ ምክንያቱም በተለያየ ዘመን የኖሩ ቀራጮች ምስሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቆርጠው፣ በወረቀት አትመው ለትውልድ አስተላልፈውታል። እነዚህ የሕትመት ሥዕሎች ከጌጥነታቸው ይልቅ የምስክርነት ዋጋቸው ይበልጣል፤ ነገር ግን ማንኛውም ምስክር በየትኛው ቦታ ቆሞ ምን እንዳየ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ እነርሱም ሊጠየቁ ይገባል።

ድልድዩን ማሠራት የጀመረው ፒተር ኦቭ ኮልቸርች የተባለ ቄስ ሲሆን፣ ሥራው በ1176 ተጀምሮ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እርሱ ራሱ ካረፈ ወዲያ ተፈጸመ። ድልድዩ በርካታ የድንጋይ ቅስቶችና መርከብ ለማሳለፍ ወደ ላይ የሚነሣ አንድ ክፍል ነበሩት፤ በመካከሉ ለሰማዕቱ ቶማስ ቤኬት የተሠራ ጸሎት ቤት ቆሞ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳርም ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑ ቤቶች ተደርድረውበት ስለነበር፣ በላዩ የሚያልፍ መንገደኛ በወንዝ ላይ ሳይሆን በጠባብ የከተማ መንገድ ውስጥ የሚሄድ ይመስለው ነበር። በደቡቡ በር አናት ላይ ደግሞ በአገር ክህደት የተፈረደባቸው ሰዎች ራስ በእንጨት ተሰክቶ ይታይ ነበር። በ1305 የስኮትላንዱ ዊልያም ዋላስ፣ በ1535 ደግሞ የንጉሡ ዋና አማካሪ የነበረው ቶማስ ሞር ይህ ዕጣ በዚያው ድልድይ ላይ ደርሶባቸዋል።

እነዚህን ሁሉ በወረቀት ላይ ያቆየው ጥበብ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። በመጀመሪያው መንገድ ቀራጩ በተለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በስለታም የብረት መቅረጫ መስመር እየገፋ ይቆርጣል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሰሌዳው በሰም መሰል ቅባት ከተሸፈነ በኋላ ሠዓሊው በመርፌ ቅባቱን ብቻ እየፈቀፈቀ ይሥልና አሲድ በተፈቀፈቀው መስመር ገብቶ መዳቡን እንዲበላው ያደርጋል። በሁለቱም መንገድ ቀለሙ የሚቀመጠው በተቆረጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የሰሌዳው ገጽ ተጠርጎ፣ ረጠብ ያለ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ከጉድጓዱ መጥጦ ያወጣል። ሰሌዳውና ኅትመቱ እንደ መስተዋትና እንደ ፊት ግራና ቀኛቸው ስለሚገለባበጥ፣ ቀራጩ ከተማውን ገልብጦ መቅረጽ ይኖርበታል፤ ይህን ሳይጠነቀቅ የሌላውን ሥራ የቀዳ ሰው የወንዙን ምሥራቅ ምዕራብ አድርጎ ሊያሳትም ይችል ነበር።

ከምስክሮቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው በ1616 የወጣው የሆላንዳዊው ክላስ ያንስ ቪስሸር ሥራ ነው። ርዝመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጠው ይህ ሰፊ የከተማ ትዕይንት ለንደንን ከደቡብ አቅጣጫ ሲያሳይ፣ በድልድዩ ላይ የተጨናነቁትን ቤቶች፣ በደቡቡ በር አናት የተሰኩትን ራሶችና በወንዙ የሚመላለሱትን ጀልባዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሆኖም ቪስሸር ሥራውን ያሳተመው በአምስተርዳም ሲሆን፣ ለንደንን በዐይኑ እንዳላየና ከእርሱ በፊት የተሠሩ ካርታዎችንና ሥዕሎችን አገናኝቶ እንደ ተጠቀመ በርካታ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ስለዚህ ሥራው የከተማይቱን ዝና እንጂ እያንዳንዱን ጣራና መስኮት ለማረጋገጥ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ምስክር በ1607 በፕራግ የተወለደው ቬንሴስላውስ ሆላር ነው። በ1636 ከአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ጋር ወደ ለንደን የመጣው ሆላር በወንዙ ደቡብ ዳር ከሚገኘውና ዛሬ የሳውዝዋርክ ካቴድራል ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ሆኖ ከተማውን እያየ ሥሏል፤ የዝግጅት ንድፎቹም እስከ ዛሬ አሉ። በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ በአሲድ መንገድ የሠራውን ረጅም የለንደን ትዕይንት በ1647 ያሳተመው ግን የእንግሊዝን የርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ በሄደባት በአንትወርፕ ነበር፤ በዚህም ርቀት የተነሣ ሊሆን ይችላል፣ ግሎብ የተባለው ቲያትር ቤትና ድብ ከውሻ ጋር የሚያታግሉበት ሕንፃ ስማቸው ተለዋውጦ ተጻፈ። ሥዕሉ የታመነ፣ ጽሑፉ ግን የተሳሳተ መሆኑ፣ ዐይንና ቃል በአንድ ወረቀት ላይም ሊለያዩ እንደሚችሉ ያስተምራል። ይኸው ሠዓሊ ወደ ለንደን ተመልሶ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ከተማይቱን ከእሳቱ በፊትና በኋላ በአንድ ወረቀት፣ አንዱን በሌላው ሥር አድርጎ አቀረባት። ከቃጠሎው የድልድዩ አብዛኛው ክፍል የተረፈው በ1633 በደረሰ ሌላ እሳት በሰሜኑ ጫፍ የነበሩት ቤቶች ጠፍተው ስለነበርና ክፍት የቀረው ቦታ ለነበልባሉ መሻገሪያ ስለከለከለው ነው፤ የቀድሞው ጥፋት ለኋለኛው መጠበቂያ ሆነ።

ሦስተኛው ምስክር የመጣው በድልድዩ የመጨረሻ ዘመን ነው። ምሰሶዎቹን ከጎርፍ ለመጠበቅ ዙሪያቸውን በእንጨትና በድንጋይ የተሞሉ ሰፋፊ መከላከያዎች ታጥረው ስለነበር ወንዙ በጠባብ ክፍተቶች ተጨናንቆ ያልፍ ነበር፤ በዚህም የተነሣ በቅስቶቹ ሥር በጀልባ ማለፍ ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን፣ በላይኛው ወገን የሚዘገየው ውኃ ደግሞ በከባድ ክረምት ረግቶ በረዶ እንዲሆን ይረዳ ነበር። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ቤቶቹ ተነሥተው አለቁ፤ በመካከል የነበሩት ሁለት ቅስቶችም በአንድ ሰፊ ቅስት ተተኩ። በመጨረሻ በጆን ሬኒ ንድፍ የተሠራው አዲስ ድልድይ በ1831 ሲከፈት አሮጌው መፍረስ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ኤድዋርድ ዊልያም ኩክ አዲሱ ሲቆም፣ አሮጌው ሲወርድ እየተከታተለ ሥሎ ከቀራጩ አባቱ ከጆርጅ ኩክ ጋር በ1833 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመው። ቪስሸር ያልደረሰበትን፣ ሆላር ከማማ ርቆ ያየውን ኩክ ከሥሩ ቆሞ አይቶታል፤ የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች የደበቁትን ውስጠኛ አሠራር ማፍረሻው ገልጦለታልና።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥዕል እጁ የገባ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ብዙ ይማራል፤ ቀራጩ ቦታውን አይቷልን፣ በየትኛው ዓመት ቆሞ ሣለው፣ ሰሌዳው መቼ ታተመ የሚሉትን ነው። ወረቀቱም ራሱ ይመሰክራል፤ ሰሌዳው በጠርዙ ዙሪያ ያተመው ስርጉድ ከመዳብ ሰሌዳ መታተሙን ይጠቁማል፤ በብርሃን ፊት ሲያዝ የሚታዩ ጭረት መስመሮችም ከአሮጌ የወረቀት አሠራር ይመነጫሉ። የሬኒ ድልድይ ራሱ በ1968 ተሽጦ ወደ አሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት ተጓዘ፤ ከአሮጌው ግን በይበልጥ የቀረልን ወረቀቱ ነው። ስለዚህም አንዱን ምስክር ብቻ አምኖ ከመወሰን፣ የሁሉንም ቃል አሰባስቦ ማመዛዘን ለዚያ ላለፈ ድልድይ የሚገባው ፍርድ ነው።