በመቅደላ መንገድ ላይ ያለፉ ወፎች

አርብ ገበያ የሄድኩት መጋቢት አጋማሽ ላይ ነበር። አጎቴ ያርሳል። አባባ (አያታችንን እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ጋቢያቸውን ተከናንበው ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ አንዲት ቢጫ ወፍ ፎቶ ለማንሳት እታገላለሁ። ከበሬዎቹ እግር ሥር ትሮጣለች፣ ጅራቷን ወደ ላይ ወደ ታች ትመታለች፣ ከተገለበጠው አፈር ላይ የሚርመሰመሰውን ትለቅማለች። በሬው አንድ ሲራመድ እሷ አሥር ትሮጣለች።

«ምን አደረገችህ?» አሉኝ አባባ።

ዓይነቷን ልመዘግብ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እሷማ ልትሄድ ነው። ፋሲካን እዚህ አትውልም» አሉ፣ ጎረቤት የሚያሙ ይመስል።

ማታ አጣራሁ። አባባ አልተሳሳቱም። ወፏ የምትራባው በአውሮፓና በሰሜን እስያ ነው። እዚያ ብርድ ሲሆን እኛ ዘንድ ትከርማለች፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ሰሜን ትመለሳለች። ያየሁትን ያስገባሁት ኢበርድ በሚባለው መተግበሪያ ነው። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን ማንም ሰው ያየውን ወፍ ከነቀኑና ከነቦታው ይመዘግብበታል። ካርታውን ስከፍተው ጣና ዙሪያና ሰሜን ተራሮች ላይ ምልክቱ ተደርድሯል። ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስመጣ ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በኛ ሙያ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም ማለት ነው፣ ባዶ ግን ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር ሁለቱን ሲያደባልቅ ሪፖርቱ በሙሉ ይበላሻል። ካርታ የሚያይ ሰው ግን ባዶውን ቦታ «ወፍ የለም» ብሎ ነው የሚያነበው። ያ ነገር ከነከነኝና ድሮስ በዚህ በኩል የተመዘገበ ነገር የለም ወይ ብዬ ወደ ኋላ መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋው መቅደላ ላይ ይጥለኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው የተነሱት በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በሠረገላ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከፊቱ መንገድ እየተቆፈረለት በጋይንት አለፈ። ከዚያ በጨጨሆ፣ በዋድላ፣ በጅጣና በበሽሎ ገደሎች አድርጎ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸና የሚወስደው መንገድ በብዙ ቦታ ከዚያኛው መንገድ ብዙም አይርቅም። አገር በሙሉ አምፆባቸው፣ ሠራዊታቸው በየሌሊቱ እየከዳቸው፣ ስድስት ወር ገደማ።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት እነዚያ ስድስት ወራት የወፎቹም ወራት ናቸው። ከሰሜን የሚመጡት ወፎች አገራችን የሚገቡት በመስከረምና በጥቅምት ነው፣ ወጥተው የሚሄዱት በመጋቢትና በሚያዝያ። መድፉ የተነሳው እነሱ ሲገቡ ነው፣ የደረሰው እነሱ ሲወጡ። ሠረገላ ጎታቹ ቀና ብሎ ንስሮችና ሽመላዎች ሲዞሩ አይቶ ይሆናል፣ እንደ አባባም «ሊሄዱ ነው» ብሎ ይሆናል። የጻፈው ግን የለም። የዘመኑ ጸሐፊዎቻችን ሥራ የንጉሥ ዘመቻ፣ ሹመትና ሽረት መመዝገብ ነበር። በዚያ ዓመት ማን ወፍ ይቆጥራል?

አንድ ሰው ቆጥሯል፣ በወዲያኛው ወገን። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ ወታደር ይዞ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የ35 ዓመት ሰው አብሮት ነበር። የህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። ዋና ሥራው ድንጋይ ቢሆንም የወፍ ፍቅር ነበረበት። በ1870 እ.ኤ.አ. ስለ አቢሲኒያ ሥነ ምድርና እንስሳት ያሳተመው መጽሐፍ እንስሳቱን እንደየከፍታው፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንደምንለው ዓይነት፣ ከፋፍሎ ያቀርባል። የባዛልት ድንጋዮቻችንን «አሸንጌ» እና «መቅደላ» ብሎ የሰየማቸውም እሱ ነው፤ ሥነ ምድር የተማሩ ጓደኞቼ ስሞቹን እስከዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። የዘመቻ መንገዱ ስም ሳይንስ ውስጥ የገባው እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠር የእኛ ሰው አለቀ። ሚያዝያ 6 መቅደላ ወደቀች፣ ንጉሡም ሞቱ። የብሪታንያ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ብራናዎቹን ሲሰበስብ ብላንፎርድና ባልደረባው ዊሊያም ጄሲ የወፍ ቆዳ ይዘው ወጡ። ስለ ብራናዎቹ ብዙ ተጽፏል፣ ይመለሱልን ተብሎም ተጠይቋል፣ ሊጠየቅም ይገባል። ስለ ወፍ ቆዳ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቆዳው ይመለስ አልልም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያ ዓመት ወፍ የተጻፈው ጠላት በመጣበት መንገድ ዳር ብቻ ነው፣ ንጉሡ በሄዱበት መንገድ ዳር ግን ካርታው ያኔም ባዶ ነበር።

ምን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የግብጽ ጥንብ አንሳ የምትባለዋ፣ ነጭ ሆና ፊቷ ቢጫ የሆነው፣ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ነች። በባልካን አገሮች መከታተያ ከተገጠመላቸው መካከል የአውሮፓን ብርድ ለማምለጥ እኛ ጋ የሚደርሱ አሉ። ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ፖርት ሱዳን አጠገብ የነበረ አንድ አሮጌ መስመር ለአሥርት ዓመታት ሲፈጃቸው ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። የተቋረጠው ሰዎች በእግራቸው ሄደው ከሥሩ የወደቀውን ሬሳ ስለቆጠሩ ነው። ከአርብ ገበያ በላይ ባለው ሸንተረር ምሰሶ አለ፣ ጥንብ አንሳም አለ። ከሥሩ የቆጠረ ሰው አላውቅም።

በማግስቱ አባባን ይዤ ማሳው ዳር ተቀመጥኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሽመላ ስንት ቀን እንደምትቆይ፣ የትኛው ጭልፊት ከመስቀል በኋላ ብቻ እንደሚታይ፣ የትኛው ክረምት ከበጋ እንደማይለቅ። መተግበሪያው ለእንዲህ ያለው ነገር ሳጥን የለውም፣ «ማስታወሻ» በሚለው ቦታ ላይ አጨቅኩት። ለየወፉ የዓለም ስሟን ሳገኝላቸው አባባ ከት ብለው ይስቃሉ።

ልንነሳ ስንል ከጎጆው ጣሪያ ላይ አንድ ትልቅ ቁራ ጮኸ። ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት። ጀርመናዊው ሩፐል ከጎንደር ጉዞው ተመልሶ በ1836 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው ነው።

«እሱንስ ጻፍከው?» አሉ።

«እሱ እኮ አይሄድም፣ አባባ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው።»

«ቢሆንስ? ጻፈው እንጂ።»

ጻፍኩት። አንድ ቁራ፣ ጣሪያ ላይ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት።