ወገብ ሲያዝ እጅ ምን ይሠራል? ስለ ማሸት፣ ስለ መጎተትና ስለ "ቋ" ማድረግ ማወቅ ያለባችሁ

በዛሬው የጤና መረጃችን የወገብ ህመም በእጅ ሕክምና ይድናል ወይ የሚለውን ይዘን ቀርበናል። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ወገቡን አሞት የሚያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው ያነበዋል ብለን እናምናለን።

መነሻችን የራሳችን ቤት ነው። ከአዘጋጆቻችን አንዱ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይዞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወገቡን ወጋ አደረገውና ቆልፎ ያዘው። እዛው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ "ዲስክ ነው፣ ተንሸራቶ ነው" አለች። ሌላው "ወለም ብሎት ነው፣ ወጌሻ ጋ እንውሰደው" አለ። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሰው ጠምዝዞ "ቋ" ሲያደርግ የሚያሳይ የቲክቶክ ቪዲዮ ከፈተለት። ሦስቱም ከቅን ልብ ነው። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ያስባሉ፦ ከቦታው የወጣ ነገር አለ፣ ጎበዝ እጅ ደግሞ ይመልሰዋል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

አከርካሪያችን 33 አጥንቶች አሉት፤ ከነሱ የሚንቀሳቀሱት 24ቱ ናቸው፣ ወገብ ላይ ያሉት ደግሞ 5 ናቸው። በመካከላቸው ያለው ዲስክ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር በጠንካራ ጅማት የተያያዘ ነው፤ እንደ ሳሙና ሾልኮ አይወጣም። ጫፉ ሊያብጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል፣ ነርቭ ከተጫነም ህመሙ በቂጥ በኩል አልፎ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን በአውራ ጣት ተገፍቶ ወደ ቦታው የሚመለስ ዲስክ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ምንም ህመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ያሰባሰበ ጥናት፣ የዲስክ ማበጥ በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 30 በመቶ፣ በ50 ዓመት ካሉት ደግሞ 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ አግኝቷል። በድጋሚ እንበለው፦ እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን አያማቸውም። ስለዚህ የኤምአርአይ ወረቀት ላይ "ዲስክ" የሚል ቃል ስታዩ እንደ ሞት ፍርድ አትቁጠሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ህመም ነበረበት። ከታማሚዎቹ 90 በመቶ ያህሉ ላይ "ይሄ ነው ምክንያቱ" ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም የተጎዳ አካል አይገኝም። ጡንቻው ይጨብጣል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ነርቩ ይቆጣል፣ ሰውየው ደግሞ ይፈራል። የእጅ ሕክምና የሚሠራው እነዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ዓይነቶቹ ምንድን ናቸው?

ማሸት ሁላችንም የምናውቀው ነው። በዘይት፣ በቫዝሊን፣ በአያቶቻችን ቤት በቅቤ። በመዳፍ ከታች ወደ ላይ ረዘም አድርጎ መሳብ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ረጃጅም ጡንቻዎች በአውራ ጣት ቀስ ብሎ መጫን፣ ቂጥ ላይ ያሉትን ደግሞ አለመርሳት ነው። አጥንቱ ላይ ግን አይጫንም። "ካላመመ አይሠራም" የሚባለው ደግሞ ልክ አይደለም፤ ታሻሚው ትንፋሹን ከያዘ ወይም ጥርሱን ከነከሰ ጡንቻው ይበልጥ ይጨብጣል፣ የአሺው ጉልበትም ባከነ።

ሁለተኛው የፊዚዮቴራፒስቶች ዋና መሣሪያ ነው፤ መገጣጠሚያን በዝግታ ማንቀሳቀስ። ታካሚው በሆዱ ይተኛል፣ ባለሙያው መዳፉን አንዱ የአከርካሪ አጥንት ላይ አድርጎ በሰከንድ 2 ወይም 3 ጊዜ ያህል ወደ ታች ገፋ ለቀቅ፣ ገፋ ለቀቅ ያደርጋል። ይሄን በደረጃ የከፋፈለው ጄፍሪ ሜትላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ደረጃ 1 እና 2 ለስለስ ያሉ ናቸው፣ መገጣጠሚያው የሚቆምበት ጫፍ ድረስ አይሄዱም፤ ህመሙ ትኩስ ሲሆን ለማስታገስ ነው። ደረጃ 3 እና 4 እስከ ጫፍ ይሄዳሉ፤ የደረቀ ወገብን ለማፍታታት። ጎበዝ ባለሙያ የሚታወቀው በጉልበቱ ሳይሆን ዛሬ የትኛው ደረጃ እንደሚያስፈልጋችሁ በመለየቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያለ ምንም ጥያቄ በሙሉ ኃይሉ ከጀመረ፣ ቢከፈለውም ባይከፈለውም ብትነሱ ይሻላል።

ሦስተኛው ቲክቶክ ላይ የምናየው "ቋ" ነው። ፈጣንና አጭር ግፊት ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፦ ኪሮፕራክቲክ የተባለውን ሙያ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. መስከረም 1895 የአንድ ሰው አከርካሪ ገፍቶ "ከቦታው የወጣ አጥንት መለስኩ" አለ። በነገራችን ላይ ያኔ ኤክስሬይ ገና አልተገኘም ነበር፤ ሮንትገን ያገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አጥንቱ መመለሱን ማን አየው? ዛሬ የምናውቀው ድምፁ ጣታችንን ስናንቋቋ ከምንሰማው ጋር አንድ መሆኑን ነው። መገጣጠሚያው በድንገት ሲለቀቅ ውስጡ ባለው ፈሳሽ መካከል የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፣ እሱ ነው የሚጮኸው። አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም። ድምፅ ባይኖርም ሕክምናው ሊረዳ ይችላል፣ ድምፅ ኖሮም ላይረዳ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን ይሄን ፈቃድ ካለው ሰው ታገኙታላችሁ። እዚህ አገር ቤት ግን ቪዲዮ አይቶ ጓደኛውን ለሚጠመዝዝ ጎረምሳ አትተኙለት። በተለይ አንገት ላይ! አንገትን በድንገት መጠምዘዝ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ሥር ቀዶ ስትሮክ ያስከትላል። ብርቅ ነው፣ የደረሰበት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይከፍላል።

መጎተትስ? እግርና እጅ ይዞ በሁለት ሰው መሳብ በኛ አገር የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ትምህርትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ማሸትንና አከርካሪን በእጅ መግፋትን ሊረዱ ከሚችሉት ውስጥ አስገብቷል። መጎተትንና ፋርማሲ የሚሸጠውን የወገብ ቀበቶ ግን በተለምዶ እንዲሰጡ አልመከረም። ብዙዎቻችሁ ቀበቶውን ገዝታችኋል፤ እናውቃለን፣ እኛም ቤት አንድ አለ።

እጅ የሚሰጠው እፎይታ እውነተኛ ነው፣ ግን አጭር ነው። ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነርቩን ያረጋጋል፣ ጡንቻው ይለቃል፣ ጎንበስ ማለት ይቀላል። በዚያች ቀዳዳ ተነስቶ የተንቀሳቀሰ ይሻለዋል። "ተሻለኝ" ብሎ አልጋ ላይ የሚመለስ ግን በሳምንቱ እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይሄን በአጋጣሚ ያገኘው ሮቢን ማኬንዚ የተባለ የኒው ዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዌሊንግተን ክሊኒኩ ውስጥ እግሩ ድረስ የሚያመውን ታካሚ "ግባና በሆድህ ተኛ" አለው። የአልጋው ራስጌ ግን ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ሰውየው ሳያውቅ ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጦ ተኛበት። ማኬንዚ ደንግጦ ሲመጣ ታካሚው በሳምንታት ውስጥ እንደዛሬ ተሽሎት እንደማያውቅ ነገረው። ከዚያ የመጣው ዘዴ ዛሬ ብዙ አገር ይሠራበታል፤ የሚያስፈልገውም የሌላ ሰው እጅ ሳይሆን የራስ እጅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። እጅ የማይነካው ወገብ አለ።

የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን የሌለ በሽታ አይደለም። ሳል ላይኖረው ይችላል። ህመሙ በቀስታ ለሳምንታትና ለወራት እየጨመረ ይሄዳል፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ይኖራል፣ ሰውነት ይከሳል፣ አንዳንዴ ጀርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል። አጥንቱ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጀርባ መርገጥ፣ መጎተት ወይም መጠምዘዝ የተዳከመውን አጥንት ሰብሮ ሰውየውን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚያናድደው ደግሞ መድኃኒቱ መኖሩ ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው። ወራት ይወስዳል እንጂ ይድናል። እናትና አባቶቻችንን "እስቲ ትንሽ ይታሹ" እያልን ወራት ስናባክን የምናጣው ይሄንን ጊዜ ነው።

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር ከዛለ ደግሞ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ከአልጋ ወይም ከመኪና የወደቀ ሰው፣ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አጥንታቸው የሳሳ አዛውንቶች፣ እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

ወጌሻዎችን ለማጣጣል አይደለም። ስንቱን ወለምታ እንዳሻሉ እናውቃለን፣ እጃቸው የለመደ ነው። ልዩነቱ ጥያቄ ላይ ነው። ከማሸታቸው በፊት "ማታ ያልብሃል? ከስተሃል? እግርህን ይደነዝዝሃል?" ብለው የሚጠይቁና "ይሄ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂድ" የሚሉ ወጌሻ ካገኛችሁ ያዟቸው። ፊዚዮቴራፒስቱም ያው ነው፤ ዲግሪ ኖሮት ሳይጠይቅ የሚጀምር አለ።

ለመደበኛው፣ አደገኛ ምልክት ለሌለው ወገብ ቤት ውስጥ የሚሠራውን እንንገራችሁ። ጠዋት ከአልጋ ከመነሳታችሁ በፊት በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሁለቱንም ጉልበት አጥፋችሁ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ ጣሉ፣ 10 ጊዜ ያህል። ከዚያ ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበት ቆማችሁ ጀርባን እንደ ድመት ወደ ላይ ማጉበጥ፣ መልሶ ወደ ታች መስጠም። ቀጥሎ በሆድ ተኝቶ፣ መዳፍን ከትከሻ ሥር አድርጎ፣ ወገብን ዘና አድርጎ በክንድ ብቻ ደረትን ማንሳት፤ ይሄ የማኬንዚ ነው። ህመሙ ከእግር ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥሉ። ወደ እግር እየወረደ ከሄደ ግን አቁሙ። በየቀኑ የእግር ጉዞ ጨምሩበት። መተጣጠፍ በአንድ ቀን አይመጣም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚለወጠው የጡንቻው ርዝመት ሳይሆን ሰውነት መለጠጡን መልመዱ ነው።

የኛ ባልደረባ ምን ሆነ ላላችሁን፦ በሁለተኛው ቀን ሚስቱ በለብ ያለ ውሃ ካሞቀችው በኋላ በቫዝሊን አሸችው፣ ከዚያ ደግሳ ሳይሆን ገፍታ ሰፈሩን አዞረችው። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባ። ውሃ አሁንም ያወጣል፤ ግን በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከፋፍሎ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጁ ይዞ ነው።