ኒካሕ፣ ችሎትና ፈቃድ፦ ከ1936ቱ የቃዲዎች አዋጅ እስከ ያቤሎ

ስለ ጋብቻ ሕግና ስለ ሃይማኖት ነፃነት የሚደረገው ክርክር ዛሬ በብዙ አገሮች የሚነሣው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ተከትሎ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ጋብቻ በሕግ ስትፈቅድ፣ በሸሪዓ ብቻ የታሰረ ኒካሕ ሙሉ የሕግ ዕውቅና አልነበረውም፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይህ ጉድለት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ የወሰነው በ2022 ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻን የሚደነግገው ስለ ወንዶችና ሴቶች በመናገር ነው፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል። ስለዚህ ክርክሩ በእኛ ዘንድ ያን መልክ አልያዘም። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ ስለ ኒካሕ የመዳኘት ሥልጣን የማን ነው? የመንግሥት፣ የሃይማኖት፣ ወይስ የባለጉዳዮቹ ምርጫ?

በዘመናዊው ሕጋችን ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ቀደምት መልሶች አንዱ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ነው። አዋጁ የናኢባዎችና የቃዲዎች ምክር ቤቶችን አቋቁሞ የጋብቻን፣ የፍቺን፣ የቀለብን፣ የሞግዚትነትን፣ የውርስንና የወቅፍን ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጣቸው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 3347 እርሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የቀድሞ ሕጎችና ልማዶች ሻረ። የቃዲዎቹ ችሎት ሥራውን ባያቋርጥም፣ የቆመበት የሕግ መሠረት አጠያያቂ ሆነ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ በወጡ ጊዜ የጠየቁት የሃይማኖት እኩልነትን ነበር፤ የበዓላት መከበርና የሸሪዓ ችሎቶች ጉዳይም በጥያቄዎቹ ውስጥ ነበሩ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለጥያቄው አዲስ መልስ ሰጠ። በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቀደ፤ ነገር ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ ተጠናከሩ። ሆኖም ይኸው አዋጅ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጥረዋል። ዝምታ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያየው ጉዳይ ይህን ድንበር አጠራው። አንዲት ሙስሊም ወይዘሮ በውርስ ክርክር ላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ሥልጣን ተቃውማ ሳለ ነገሩ በዚያው ታይቶ ተፈረደባት። ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወሰነ። ከዓሊሞች መካከል ሙስሊም ከሸሪዓ ውጭ መዳኘትን ሊመርጥ አይገባውም የሚሉ አሉ፤ ይህን አቋም አናቃልለውም። ነገር ግን የአማኝ ግዴታ በአማኙና በጌታው መካከል ያለ ነው፤ ያን ግዴታ በመንግሥት ኃይል ማስፈጸም ሌላ ነገር ነው። ደግሞም መንግሥት ዛሬ ለሸሪዓ ሲል የማስገደድ ሥልጣን ቢያገኝ፣ ነገ በዚያው ሥልጣን በሸሪዓ ላይ እንዳይነሣ የሚከለክለው የለም። የፈቃድ መርሕ ግለሰቡን ብቻ ሳይሆን ችሎቱንም ይጠብቃል።

ነገሩ በያቤሎ ይበልጥ ይጎላል። በቦረና የጉሚ ጋዮ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግ የሚያውጅበት የገዳ ሥርዓት ሕያው ነው፤ የኦሮሚያ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ቦረና በፊቷ ሦስት ደጆች አሉ። በቦረና ልማድ በውርስ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው የበኩር ልጅ ነው። በሸሪዓ ሟች ልጆች ካሉት የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ ከሌሉት አንድ አራተኛ ነው። በመደበኛው ሕግ ደግሞ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ ስለሆነ አስቀድሞ እኩሌታው የእርሷ ነው። እንግዲህ የችሎት ምርጫ የከብቶቿና የልጆቿ ጉዳይ ነው።

መጥሪያው ግን በማታነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ ከከተማ ርቃ በግጦሽ ሥፍራ ሳለች ቢደርሳት፣ ዝምታዋ ፈቃድ ሊባል ነው። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ኸንሳእ ቢንት ኺዛም አባቷ ሳትፈቅድ በዳሯት ጊዜ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ጋብቻውን አፈረሱላት። ያ ስለ ኒካሕ እንጂ ስለ ችሎት አለመሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን የሴት ቃል ሳይሰማ እንዳይታለፍ ለሚሻ ሰው በቂ ምሳሌ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለኢማሞች የሚወጣው ተግባር ቀላል ነው፦ ባለጉዳይ ወደ ቃዲ ከመቅረቡ በፊት ሦስቱን ደጆች በገዛ ቋንቋው ማስረዳት፣ ከዚያም የመረጠውን በምስክር ፊት እንዲናገር ማድረግ። በዚህ መንገድ ወደ ሸሪዓ የመጣ ሰው በፍርዱ ይጸናል፤ ችሎቱም የሚከበረው እንዲህ ሲሆን ነው። ወላሁ አዕለም።