በረዶው ሲወርድ ከንቲባው የት ነበሩ?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ዘመን የቆየ ወገን የጃንዋሪ 1987ን በረዶ ሳያስታውስ አይቀርም (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወርዶ ከተማይቱን ወደ 20 ኢንች በሚጠጋ በረዶ ቀበራት። ዋና ዋናው ጎዳና እንደምንም ቢጠረግም የየሰፈሩ መንገድ ለቀናት ተዘግቶ ከረመ። የታክሲ ኪራይ ደግሞ በረዶ ወረደ ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

ከንቲባ ማሪየን ባሪ በዚያ ሰዓት ካሊፎርኒያ ነበሩ፤ ሱፐር ቦል የሚባለውን የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ሊያዩ ሄደው። ተመልሰው ከተማይቱን በሄሊኮፕተር ቃኙና «እኛ የበረዶ ከተማ አይደለንም» አሉ። ደቡብ ነንና በረዶ አለመድንም ማለታቸው ነው። ሐሰት አልነበረም፤ ግን ደጁ ለተዘጋበት ሰው ምን ይረባዋል?

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ዓይነቱ መልስ ላይ ነው። በአገራችን ከንቲባ ከላይ ይሾም፣ ከላይ ይሻር ነበር። በንጉሡም ሆነ በደርጉ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ውኃው ሲጠፋበት ወይም መንገዱ ሲፈርስበት አቤቱታ አጽፎ ደጅ ይጠናል እንጂ ከንቲባው ወጥቶ መልስ ይስጠኝ አይልም። እዚህ ግን የተመረጠ ከንቲባ ይወቀሳል፣ ይመልሳልም። የአመላለሱ ዓይነት ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ከዋሽንግተን በፊት በሁለት ከተሞች የሆነውን እናንሳ።

ፌብሩዋሪ 1969 ኒውዮርክ ላይ 15 ኢንች ያህል በረዶ ወረደ። የማዘጋጃ ቤቱ የበረዶ መጥረጊያ መኪናዎች ብዙዎቹ ተበላሽተው ቆመው ነበር። ማንሃተን ቶሎ ሲጠረግ ኩዊንስ የሚባለው ክፍል ግን ለቀናት ተረሳ። በዚያ በረዶ ምክንያት 42 ሰዎች ሞቱ፤ ግማሽ ያህሉ የኩዊንስ ነዋሪዎች ነበሩ። የኖቤል ተሸላሚው ጥቁር አሜሪካዊ፣ የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ ባለሥልጣን ራልፍ በንች ሳይቀሩ እዚያው ሰፈር በረዶ ስለዘጋባቸው ለከንቲባው የቁጣ ቴሌግራም ላኩ። ከንቲባው ጆን ሊንድሴይ ወደ ኩዊንስ ቢሄዱ መኪናቸው በበረዶ ተያዘ፤ ሕዝቡም ጮኸባቸው። በሰኔ ወር በገዛ ፓርቲያቸው፣ በሪፐብሊካን ምርጫ ተሸነፉ።

ሰውዬው ግን አላረፉም። በሊበራል ፓርቲ ስም እንደገና ተወዳደሩና በቴሌቪዥን ቀርበው የበረዶውን ነገር መገመት አቅቶኛል፣ ያም ስሕተት ነበር አሉ። ቀጥለው የሠሩትን በጎ ነገር ዘረዘሩ። በኖቬምበር አሸነፉ። በእርግጥ ያገኙት 42 በመቶ ያህሉን ድምፅ ብቻ ነው፤ የተቀረውን ሁለቱ ተቃዋሚዎቻቸው ስለተከፋፈሉት እንጂ ይቅርታው ብቻውን አላዳናቸውም። ቢሆንም ሕዝብ ፊት ቆሞ አጠፋሁ ያለ ባለሥልጣን ማየት ከእኛ አገር ለመጣ ሰው ትንግርት ነው።

የቺካጎው ማይክል ቢላንዲክ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። በጃንዋሪ 1979 በቀደመው በረዶ ላይ ሌላ 20 ኢንች ሲጨመር ከንቲባው መንገዱም፣ ለመኪና ማቆሚያ የተመደበው የትምህርት ቤት ግቢም ተጠርጓል ሲሉ ተናገሩ። ሰው መኪናውን ይዞ ሲሄድ ግቢው እንዳለ በረዶ ሆኖ አገኘው። ከዚህ የባሰው የባቡሩ ነገር ነበር። የከተማው ባቡር መንገደኛ ለማፍጠን ተብሎ በጥቁሮች ሰፈር ያሉትን ብዙ ጣቢያዎች ሳይቆም እንዲያልፍ ተደረገ። ሰው በዚያ ብርድ ቆሞ ባቡሩ ፊቱ ሲያልፍ ያያል! ከንቲባው ወቀሳው ሲበዛባቸው በአንድ ንግግራቸው የደረሰባቸውን ትችት ከክርስቶስ ስቅለት ጋር እስከማመሳሰል ደረሱ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ የፓርቲ ምርጫ ሆነ። ቢላንዲክ ከሥራ ያባረሯት ጄን በርን ከ20 ሺህ ባነሰ ድምፅ አሸነፈቻቸው፤ በኋላም የቺካጎ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነች። ባቡሩ ያለፋቸው ሰፈሮች ድምፃቸውን ለእሷ ሰጥተው ነበር።

ታዲያ ባሪን ምን አዳናቸው? በመጀመሪያ ጊዜው ነው። በኖቬምበር 1986 ለሦስተኛ ጊዜ ተመርጠው ገና ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ ቀጣዩ ምርጫ 1990 ላይ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በ1979 ለወጣቶች የበጋ ሥራ ማስያዝ ስለጀመሩ፣ ጥቁሩን ሕዝብም ማዘጋጃ ቤት ስላስገቡ ውለታቸውን የሚቆጥርላቸው ብዙ ነበር። በ1990 በአደንዛዥ ዕፅ ተይዘው ከታሰሩ በኋላ እንኳ በ1994 መልሶ ከንቲባ አድርጎ የመረጣቸው ይኸው ሕዝብ ነው። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ይገረማል። እኔ ግን አይገርመኝም፤ ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን በማን ምክንያት እንዳገኘ የሚያስታውስ ወላጅ በአንድ በረዶ አይለወጥም።

ያኔ በዋሽንግተን ከነበርነው ውስጥ ግን ብዙዎቻችን ዜጋ አልነበርንም። ግብር እንከፍላለን፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፍተናል፣ ታክሲ እንነዳለን። በረዶው ሲዘጋን ግን የእኛ ቁጣ በማንም ከንቲባ ሒሳብ ውስጥ አይገባም ነበር።

በሜሪላንድ የምትገኘው ታኮማ ፓርክ በ1992 ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደች። ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው ሕግ ማዘጋጃ ቤቱ ባለጉዳይን በቋንቋው እንዲያስተናግድ አዘዘች፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። በ2022 ደግሞ ምክር ቤቷ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ እንዲሳተፉ ወሰነ፤ በ2024 ተመዝግበው ድምፅ የሰጡም አሉ።