ፋብሪካው ያፈጠነው ካርድ መቱ ሲገባ

እስቲ ከመርከብ እንጀምር። ግራፊክስ ካርድ ብላችሁ ገብታችሁ መርከብ ስታገኙ ግር አይበላችሁ፤ እንደርስበታለን። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ቁልቁል ወርዶ በባሮ ላይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። መርከቡ ግን ዓመቱን ሙሉ አይመጣም። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ወንዙ ከጎደለ ግን ጉልበቱ ለማንም አይጠቅምም።

ፋብሪካው ራሱ ኦቨርክሎክ ያደረገውን ካርድ በሁለት እጥፍ ትዕቢት የሚሸጡልንን ሰዎች ሳይ ያ መርከብ ትዝ ይለኛል።

ነገሩ ሲጀመር ኪሱ ያልሞላ ልጅ ብልሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። የተሸጠው 300 ሜጋኸርዝ ተብሎ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የባሱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ከፍ ያደረገ ሰው ግን ብዙ ጊዜ 450 ያገኝ ነበር። በነጻ! በዓመቱ ኢንቪዲያ ጂፎርስ 256ን ሲያወጣ (120 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ዛሬ ሞባይላችሁ ይስቅበታል) ጨዋታው ወደ ግራፊክስ ካርድ ተሻገረ።

መቼም ነጋዴ ነጋዴ ነው፣ ፋብሪካዎቹ ነጻውን ነገር መሸጥ ጀመሩ። ከአንድ የሲሊከን ዝርግ የተቆረጡ ቺፖች እኩል አይወጡም፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ቶሎ ይደክማል። ጎበዙን መርጦ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ፣ የመዳብ ቧንቧና ትልልቅ ፋን ገጥሞ፣ በሚያብረቀርቅ ሳጥን አሽጎ ዋጋ መቆለል ነው እንግዲህ። ፋኑ የግድ ነው። ፍጥነት እንዲጨምር ቮልቴጅ መጨመር አለበት፤ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲያድግ ደግሞ ካርዱ የሚበላው ኃይል ገና ፍጥነቱ ሳይቆጠር 21 በመቶ ያድጋል። ያ ሁሉ የሚወጣው ሙቀት ሆኖ ነው።

ያላማረባቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ፋኑ ከመጮኹ የተነሳ ኢንቪዲያ ራሱ በራሱ ላይ የቀልድ ቪዲዮ ሠርቷል። በ2008 የሆነው ግን ቀልድ አልነበረም፤ ኩባንያው በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በተገኘ የማሸጊያ ቁስ ድክመት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ በሐምሌ አስታወቀ። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ… መጋጠሚያው ይላቀቃል። በ2016 ደግሞ ኢቪጂኤ የራሱን ማቀዝቀዣ በገጠመባቸው ካርዶች ላይ ቺፑ ቀዝቅዞ በዙሪያው ያሉት የኃይል ክፍሎች ሲግሉ ተገኙ፤ ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ ለደንበኞቹ ማደል ግድ ሆነበት። ያ ስመ ጥር ኩባንያ በ2022 ከግራፊክስ ካርድ ሥራ ጭራሽ ወጥቷል።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2012 ነው። ከጂቲኤክስ 680 ጀምሮ ካርዱ ሙቀቱንና የሚበላውን ኃይል እያየ ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛ ካርድ ማለት ፈጣን ካርድ ማለት ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ኦሲ የሚል ጽሑፍ አብዛኛው ጌጥ ሆነ። ጂቲኤክስ 1060ን ውሰዱ። የኢንቪዲያ መነሻ ቡስት 1708 ሜጋኸርዝ ነው፤ የኤምኤስአይ ጌሚንግ ኤክስ በኦሲ ሞድ 1809። ልዩነቱ 6 በመቶ አይሞላም። 60 ፍሬም የሚያሳይ ጨዋታ ቢበዛ 63 ቢያሳይ ነው፤ በዓይን የሚለየው ካለ ይምጣ። ፋኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያንን እገዛለሁ።

መቱ ላይ ደግሞ የበለጠ እገዛዋለሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ግድም ከፍ ትላለች፤ ጎሬ ከ2,000 ታልፋለች። በተመሳሳይ ሙቀት ጎሬ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ግድም የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። ደግነቱ አገሩ ቀዝቃዛ ነው፤ የሳሳውን አየር ብርዱ ይክሰዋል። ዝናቡና እርጥበቱ ግን ለማንም አይራሩም፤ በጋ ላይ ደግሞ አቧራው አለ። ሳይጸዳ ዓመት የቆየ ፋን ስንት የመዳብ ቧንቧ ቢኖረው ከንቱ ነው።

መብራቱስ? ከመቱ አቅራቢያ ያለው የሶር ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረው በ5 ሜጋዋት አቅም ነው። (120 ዋት በሚበላ 1060 ካሰላነው ከ41,666 ካርድ አያልፍም፤ ለጨዋታ ነው ያሰላሁት።) መብራት በሚዋዥቅበት ቤት ለኦቨርክሎክ የሚከፈለው ብር ለደህና ፓወር ሰፕላይና ለስታቢላይዘር ቢውል ይሻላል። የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ የሚኖር ልጅ ካርዱ ሌሊት ቢሞትበት፣ በማግስቱ ሙሽሮቹ የሚጠይቁት ስለ ሜጋኸርዝ አይደለም። አምራቹ ያለው ታይዋን ነው፤ የዋስትና ወረቀቱ ከመቱ እስከዚያ አይደርስም።

ዋጋው ደግሞ በ2024 ሐምሌ ማብቂያ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ሌላ ዓለም ገብቷል። 57 ብር ግድም የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ካርድ ነው። ኢቴሬም እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ዓለም ላይ ተበትነዋል። ከእነዚህ መካከል ትልልቅ ፋን ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ቺፑ ደህና ሆኖ የፋኑ ኩሽኔታ ያለቀ፣ ፓስታው የደረቀ ሊሆን ይችላል። ሻጩን ሳታፍሩ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጨዋታ አስከፍቱትና የሙቀቱን ቁጥር ተመልከቱ። ፋኑ እየጮኸ ፍጥነቱ ከወረደ ፓስታ ቀይሮ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።